የተበላሸ የነዳጅ ጌጅ ምስክር አይሆንም

ነጋዴ ሚዛኑን ይመረምራል። ቡና ተረካቢ ቢሆን፣ ሰሊጥ ላኪ ቢሆን፣ ወይም በሱቁ ስኳርና ጨው በኪሎ የሚቸረችር ቢሆን፣ ሚዛኑ አዘንብሏል ብሎ የጠረጠረ እንደ ሆነ ከደንበኛው ጋር ክርክር ከመግጠሙ በፊት አስቀድሞ ሚዛኑን ያስተካክላል። አቡጀዲ በሜትር የሚሸጠውም እንዲሁ ነው። ይህ ከቀደሙት አባቶቻችን የተረከብነው የንግድ ጨዋነት ስለ ሆነ የሚስተው የለም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ በየወሩ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያወጣበትን ነዳጅ የሚለካለት መሣሪያ፣ ይኸውም በጭነት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጌጅ፣ ከተበላሸ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ጉዳዬ አይለውም። ከዚህም የሚከፋው፣ እርሱኑ ምስክር አቁሞ ሾፌሩን የሚከስበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ነገሩ በዚህ ጋዜጣ ሊጻፍ የማይገባው ጥቃቅን ጉዳይ ሆኖ የሚታያቸው አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጊዜውን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። መንግሥት ለነዳጅ ያደርገው የነበረውን ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ቀድሞ 10 ሊትር ጎደለ ቢሉት ችላ ብሎ ያልፍ የነበረ ባለ መኪና ዛሬ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. በመከልከሉ፣ የአዲስ ጭነት መኪናም ዋጋ ከብዙ ነጋዴ አቅም በላይ በመሆኑ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ለብዙ ዓመት የሚያገለግለን ነው። አሮጌ መኪና ደግሞ ሞተሩ ይታደሳል፣ ጎማው ይለወጣል፣ ቀለሙ ይቀባል፤ ጌጁ ግን እንደ ተበላሸ ይቀራል። ምክንያቱም መኪናው ያለ ጌጅ ይሄዳል።

ጌጁ የሚያሳስተው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ይበቃል። በሳልባትዮው ውስጥ መካኒኮች ፍሎተር የሚሉት ተንሳፋፊ አለ። ይህ ተንሳፋፊ በቀጭን ክንድ ጫፍ ተይዞ ነዳጁ ሲጨምር ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። የክንዱ ሌላ ጫፍ የኤሌክትሪክን ኃይል የሚያግድ ቀጭን ሽቦ በተጠመጠመበት ስፍራ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደውን ኃይል ያበዛል ወይም ያሳንሳል። እንግዲህ መርፌው የሚነግረን የክንዱን ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ ሊትሩን የምንገምተው እኛ ነን። ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ነዳጅ ከገባበት ይከብድና ይሰምጣል፤ መርፌውም ሳልባትዮው ግማሽ ሳለ ሩብ ያሳያል። የተጠመጠመው ሽቦ ከብዙ ዓመት መንሸራተትና ከመንገዱ ንዝረት የተነሣ በአንድ ስፍራ ላይ ከተበላ፣ መርፌው እዚያ ሲደርስ በድንገት ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ይነሣል። መሣሪያውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከዛገ ደግሞ እንደ መኪናው ዓይነት አንዳንዱን ከእውነተኛው በላይ፣ አንዳንዱን ከእውነተኛው በታች ያስነብባል። በአሮጌ ላንድ ሮቨሮችና በሌሎችም የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ ከጌጁ በስተኋላ ኃይሉን በ10 ቮልት ግድም የሚያረጋ ትንሽ መሣሪያ ይገኛል። እርሱ የተበላሸ እንደ ሆነ የሞተር ሙቀት መለኪያውም አብሮ ስለሚዛባ፣ ሁለቱ መርፌዎች በአንድነት ከልክ ሲወጡ የታየበትን መኪና ሳልባትዮ ማስፈታት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥፋቱ ከጌጁ ይሁን ከሳልባትዮው ለመለየት ለጥሩ ኤሌክትሪሺያን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከተንሳፋፊው የሚመጣውን ሽቦ ሲያላቅቀው መርፌው ወደ አንደኛው ዳር፣ ያንኑ ሽቦ ለአፍታ ከመኪናው አካል ጋር ሲያነካካው ወደ ሌላኛው ዳር ከሄደ፣ ጌጁ ደኅና ነውና ጥፋቱ በሳልባትዮው ውስጥ ይፈለጋል። ሥራው ብልጭታ ሊያስነሣ የሚችል ስለ ሆነ ክፍት ሳልባትዮ ባለበት፣ ይልቁንም በቤንዚን መኪና ላይ፣ በጥንቃቄ ጉድለት የሚሞከር አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችን አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ተንሳፋፊ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ቁመቱና የብሎኑ ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር በመግጠሙ ብቻ ነው። ነገር ግን ተንሳፋፊና ጌጅ ቋንቋቸው አንድ ካልሆነ አይግባቡም። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የቪ.ዲ.ኦ. ዓይነት ሳልባትዮው ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሲሞላ 180 ኦም ያህል ይሰጣል። በአሜሪካ የተለመደው አንዱ ዓይነት ግን ባዶ ሲሆን 240፣ ሲሞላ 33 ኦም ነው። የአንዱን ተንሳፋፊ ከሌላው ጌጅ ጋር ያገናኘ ሰው፣ ሳልባትዮው ሲሞላ ባዶ፣ ሲጎድል ሙሉ የሚል መኪና ይዞ ከጋራዥ ይወጣል። ገዢውም ሻጩን፣ ሻጩም መካኒኩን ሲያማ ይኖራል። ቁጥሩ በኦም መለኪያ በአንድ ደቂቃ የሚታወቅ ነውና፣ በካርቶኑ ላይ ጽፎ መሸጥ ለአስመጪው ክብር እንጂ ድካም አይደለም።

ጌጁ ፍጹም ደኅና በሆነበት መኪና ላይ እንኳ ሌላ የማሳሳቻ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሳልባትዮው ቅርጽ ነው። ብዙ የጭነት መኪናዎች የሚይዙት እንደ በርሜል ክብ ሆኖ የተጋደመ ሳልባትዮ ነው። 300 ሊትር የሚይዘውን እንውሰድ። ነዳጁ ከቁመቱ ግማሽ ላይ ሲሆን በእርግጥ 150 ሊትር አለ። ከቁመቱ ሩብ ላይ ሲደርስ ግን የቀረው 75 ሊትር ሳይሆን 59 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ በርሜሉ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ነው። ከቁመቱ አንድ ስምንተኛ ላይ ሲደርስማ 22 ሊትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ስሌት መርፌው ከሦስት ሩብ ወደ ግማሽ እስኪወርድ መኪናው 91 ሊትር ያቃጥላል፤ ከሩብ ወደ ባዶ ለመውረድ ግን 59 ሊትር ይበቃዋል። የመንገዱን ሩቅ ክፍል በእኩል ፍጥነት የሄደ ሾፌር፣ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ነዳጁ በድንገት ያለቀበት መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው። ባለ መኪናውም «እስከ ኮምቦልቻ ደኅና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት ሄደ?» ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን በጂኦሜትሪ ደብተር ውስጥ ይገኛል።

ስለ ዳገትና ስለ ሙቀትም ጥቂት እንበል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ፣ ከዚያም ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል መርፌው የሚያነበው የተዛባ ነው። በሳልባትዮው ውስጥ ጥቂት ሊትር ቀርቶ እንኳ የመምጠጫው ቧንቧ አየር ሊስብ ይችላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ከሳበ በኋላ ነዳጅ ስለ ተጨመረለት ብቻ አይነሣም፤ አየሩ ከፖምፓውና ከቧንቧው መውጣት አለበት። ከሳልባትዮው ወለል የተነሣው ዝቃጭም ፊልትሮውን ይዘጋል። በዚያ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጭነት ይዞ የቆመ መኪና ለራሱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለተሰለፉት ሁሉ ምን እንደሚያስከትል ያየ ያውቀዋል። ሙቀትን በተመለከተ፣ 300 ሊትር ናፍጣ በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ እስከ አፉ ሞልቶ ወደ አዋሽና ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና ትርፉን በመተንፈሻው ሊያፈስ ይችላል። ጥቂት ክፍት ቦታ መተው ይገባል፤ በጥቂት ሊትር ልዩነት የተነሣም ሰው መጠርጠር አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የንግድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የነዳጅ ደረሰኝ በየጊዜው በእጄ ያልፋል፤ በባለ መኪናና በሾፌር መካከል የሚነሣውንም ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከክርክሮቹ ሁሉ እንደ ነዳጅ ጉዳይ መራራ የሆነ የለም። ጎማ ቢፈነዳ ጎማው ይታያል፤ ዕቃ ቢጎድል በሠነዱ ይቆጠራል። ነዳጅ ግን ከተቃጠለ በኋላ ጭስ ነው። ባለ ንብረቱ የሚይዘው ማስረጃ መርፌው ብቻ ሲሆን፣ ሾፌሩ የሚያቀርበው መሐላ ብቻ ይሆናል።

በመርካቶ በእህል ንግድ የሚተዳደሩ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። አሮጌ የአይሱዙ ጭነት መኪና ነበራቸው፤ መንገዱም ከአዲስ አበባ ደሴ ነው። ሾፌሩ 9 ዓመት ያገለገላቸው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረ ሰው ነው። አንድ ወቅት መኪናው በተመለሰ ቁጥር መርፌው ከልማዱ በታች ሆኖ ይገኝ ጀመር። ነጋዴው በመርፌው ተመርተው አሰቡና ከ40 ሊትር በላይ ጎድሏል አሉ። ሾፌሩም «ጋሼ፣ እኔን ከሚጠይቁኝ ሳልባትዮውን ያስከፍቱት» ብሎ ለመናቸው። እርሳቸው ግን ይህን የሌባ ብልጠት አድርገው ቆጠሩትና የወር ደመወዙን ያዙበት። ሾፌሩ ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አዲስ ሾፌር ተቀጠረ፤ በሁለተኛውም ወር መርፌው ያንኑ ነገር አሳየ። በዚህ ጊዜ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሳልባትዮው ሲከፈት ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ በውስጡ ናፍጣ ተገኘ። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበሩምና ሽማግሌ ልከው የያዙትን ደመወዝ ከነካሣው ከፈሉ። ሾፌሩ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ወደ ሥራው ግን አልተመለሰም። ስሙ በሠፈሩ በሌብነት ሲነሣ የቆየባቸውን ሁለት ወራት በገንዘብ የሚመልስለት ሰው አልነበረም።

ነዳጅ የሚሸጥ ሾፌር የለም የሚል ሰው ቢኖር አልተባበረውም፤ አለ። በሌሊት በጎማ ቱቦ እየሳበ በየመንገዱ ዳር ለሚጠብቁት የሚያወርድ፣ ከማደያም ያልቀዳውን በደረሰኝ የሚያጽፍ ይገኛል። ነገር ግን የተበላሸ ጌጅ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህን ሰው መሆኑን ባለ ንብረቶች ልብ ሊሉት ይገባል። በተጠየቀ ጊዜ «ጌጁ አይሠራም» ይላል፤ የተናገረውም እውነት ነው። ስለዚህ የተበላሸው ጌጅ ለታማኙ መርከሻ፣ ለሌባው መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል። ባለ ንብረቱም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ያጣል።

የሕጉንም ነገር መዘንጋት አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንደ ፈቀደው እንዲቀንስ አይፈቅድለትም። ቅናሽ የሚደረገው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ የተስማማበት እንደ ሆነ ነው። እንዲህም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «መርፌው ዝቅ አለ» የሚል ምክንያት በእነዚህ ውስጥ አይገኝም። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሄደ እንደ ሆነም፣ ጌጁ የተበላሸ መሆኑን ሾፌሩ ባስረዳበት ሰዓት የባለ ንብረቱ ክርክር መሠረት ያጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ተራ የእንጨት ዘንግ ነው። በጭነት መኪና ጎን ላይ ያለው ሳልባትዮ አፉ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ዘንግ ያስገባል። የደረቀ፣ የተላገና ቀለም ያልተቀባ ቀጥ ያለ እንጨት ይመረጣል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ ሳልባትዮው ባዶ ከሆነ በኋላ፣ በታወቀ መለኪያ 20 ሊትር ይጨመርና ዘንጉ እስከ ወለሉ ገብቶ ሲወጣ ያረጠበው ቦታ በቢላዋ ይሠነጠራል። እንደገና 20 ሊትር፣ እንደገና ምልክት፤ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። ምልክቶቹ ከታችና ከላይ ተራርቀው፣ ከመካከል ተቀራርበው ይታያሉ፤ ቀደም ብሎ ስለ ክቡ ሳልባትዮ የተባለው በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሥራው የአንድ ቀን ነው። ሾፌሩ ባለበት ቢሠራ ይሻላል፤ እርሱ ያላየው ዘንግ ነገ ሌላ የክርክር ምክንያት ይሆናልና። በዚህም ሁሉ ጊዜ ሞተር ይጠፋል፤ ሲጋራም አይታሰብም።

በታወቀ መለኪያ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በገበያችን ውስጥ 20 ሊትር የሚይዝም፣ 25 ሊትር የሚይዝም የዘይት ጀሪካን እኩል ይዞራል፤ ሁለቱንም ብዙ ሰው «አንድ ጀሪካን» ይላቸዋል። መለኪያ ስሙ ብቻ ሲታወቅና ልኩ ሳይታወቅ ሲቀር የሚመጣውን መዘዝ ታላላቆቹም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን የነዳጅ ጌጁ ተበላሽቶ ስለ ነበር ሠራተኞቹ እንደኛው በዘንግ ለኩ። ዘንጉ አልዋሸም። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲለውጡ ግን በኪሎ የሚሆነውን 0.8 መጠቀም ሲገባቸው በፓውንድ የሚሆነውን 1.77 ተጠቀሙ። በዚህ የተነሣ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሹን እንኳ ሳይዙ ተነሡ። ሁለቱም ሞተሮች በሰማይ ላይ ጠፉ፤ አብራሪው እንደ አሞራ እያንሳፈፈ ጊምሊ በምትባል ስፍራ፣ በቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሰላም አሳረፈው፤ የሞተም ሰው የለም። የእኛ መኪና ከሰማይ አይወድቅም፤ የሊትርና የጀሪካን ልዩነት ግን በወር ሒሳብ ላይ ያንኑ ስሕተት ያመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሞልቶ ተነሥቶ ሞልቶ መቁጠር ነው። ሳልባትዮው በአንድ የታወቀ ምልክት ላይ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዘገባል። መኪናው ደርሶ ሲመለስ እዚያው ምልክት ላይ እስኪደርስ ይሞላል። ዳግመኛ የገባው ሊትር በመንገድ ላይ ከተጨመረው ጋር ተደምሮ የተቃጠለው ማለት ነው፤ ጌጁ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ደሴ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ 200 ሊትር ከፈጀ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ሄዷል ይባላል። በሌላ ጊዜ ያንኑ ጭነት ይዞ 230 ሊትር ቢፈጅ፣ በሊትር ወደ 3.5 ወርዷልና መጠየቅ ተገቢ ነው። የጥያቄው መጀመሪያ ግን ሞተሩ፣ ጎማው፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የጭነቱ ክብደት መሆን አለበት። በአንድ ጉዞ ብቻ አይፈረድም፤ ሦስት ወይም አራት ጉዞ ተደምሮ ሲታይ እውነተኛው ጠባዩ ይታወቃል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም የተበላሸበት መኪና እንደ ሆነ፣ ይህም በአሮጌ መኪና ዘንድ ብርቅ አይደለም፣ የታወቀውን የከተማ ከከተማ ርቀት መያዝ ይቻላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብ ደግሞ ዛሬ ግማሹ ተሠርቶ ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም በመደረጉ የእያንዳንዱ ግዢ ቀንና ገንዘብ በስልክ ላይ ይቀራል። ጸሐፊው ወይም የሒሳብ ሠራተኛው ከዚያ ላይ ቀድቶ፣ ኪሎ ሜትሩንና በዘንግ የተለካውን ሊትር ከጎኑ ቢጽፍ፣ አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ለዓመት ይበቃዋል። መኪና ሲወጣና ሲገባ ሾፌሩም ባለ ንብረቱም ቢፈርሙበት የመሐላ ጉዳይ ያከትማል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ዛሬ በሳተላይት የሚከታተልና ነዳጁን በስልክ የሚያሳይ መሣሪያ እያለ የእንጨት ዘንግ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ብዙ መኪና ላለው ኩባንያ መሣሪያው መልካም ነው። ነገር ግን እርሱም በሳልባትዮው ቅርጽ ልክ ካልተስተካከለ፣ ወይም መረጃውን ከዚያው ከአሮጌው ተንሳፋፊ የሚወስድ ከሆነ፣ የድሮውን ስሕተት በሚያምር ስዕል ከማሳየት አያልፍም። ሲያስተካክሉትም የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ 20 ሊትር እየጨመሩ መለካት። አንድ አሮጌ መኪና ላለው ነጋዴ ከዘንጉ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሾፌሬ የመኪናውን ጠባይ ያውቀዋል» የሚል ነው። በእርግጥ ያውቀዋል። መርፌው ግማሽ ላይ ሲርገበገብ ሩብ ማለት እንደ ሆነ፣ ከታች ሲደርስ ገና 60 ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ በልምድ አጥንቶታል። ፎልክስዋገን ቢትል እንኳ እ.ኤ.አ. እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ የነዳጅ ጌጅ ፈጽሞ አልነበረውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ባለ መኪናው የመጠባበቂያውን ቧንቧ ከፍቶ ጥቂት ሊትር ያገኝና እስከ ማደያ ይደርስ ነበር፤ ለብዙዎችም በቂ ነበር። ግን የአንድ ሾፌር ልምድ ከሾፌሩ ጋር ይሄዳል። ሾፌሩ በታመመ ቀን ወይም በተለየ ዕለት፣ ተተኪው መርፌውን አምኖ ጭነት ይዞ ይወጣል። ይህ ዕውቀት የሚወሰደው በደብተር ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። «የዚህ መኪና ጌጅ ሩብ ሲል በዘንግ 40 ሊትር ነው» ብሎ በአንድ መስመር ጽፎ በመኪናው ውስጥ መለጠፍ ብዙ አያደክምም።

የቤት አውቶሞቢል ያለው አንባቢ፣ የሳልባትዮው አፍ የታጠፈ ስለ ሆነ ዘንግ አያስገባለትም። ለእርሱ ሞልቶ መቁጠሩ ይበቃዋል። ሞልቶ የሚሄደውን ኪሎ ሜትር ካወቀ በኋላ ከዚያ ላይ ሲሶውን ቀንሶ፣ በቀረው ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ማደያ መግባት ነው። ነዳጅ በጀሪካን ይዞ መዞርን መፍትሔ የሚያደርጉ አሉ፤ ቤንዚን በተዘጋ መኪና ውስጥ መያዝ ግን በእሳት መቀለድ ነውና አልመክረውም። የነዳጅ ፖምፓው በሳልባትዮው ውስጥ የሆነ አውቶሞቢል ደግሞ ሁልጊዜ ከሥሩ እየተነዳ ከኖረ፣ ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው ነዳጁ ራሱ ስለ ሆነ፣ ዕድሜው ያጥራል።

የጥገናውን ወጪ በተመለከተ፣ ጌጁን ማሠራት የባለ ንብረቱ ግዴታ እንጂ የሾፌሩ አይደለም። ሾፌሩ መበላሸቱን ባወቀበት ቀን በደብተሩ ላይ ጽፎ ያስፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በባለ ንብረቱ ላይ ይቆጠራል። ዘንጉም በቢሮ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሾፌሩ በመንገድ ላይ ራሱ ሊለካበት ስለሚገባው፣ ቦታው ከወንበሩ በስተኋላ፣ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ነው።